ሁለቱም እጅ በካሜራ ተይዞ ዳይቭ ኮምፒውተር የት ይታሰር?

ባለማክሮ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠልቀው ሁለት መያዣ ባለው ትሬይ (የካሜራ መሸከሚያ) ላይ ሃውሲንግ (ውኃ የማያስገባ የካሜራ ሽፋን) እና ሁለት ስትሮብ (ብልጭታ መብራት) ይዤ ነው። ሱቴ 5 ሚሊ ሜትር ዌትሱት (የኒዮፕሪን መጥለቂያ ልብስ) ነው። ዳይቭ ኮምፒውተሩ (ጥልቀቱንና የቀረኝን ደቂቃ የሚያሰላልኝ መሣሪያ) የእጅ ሰዓት ቅርጽ አለው፤ ማሰሪያው ጎማ ሆኖ በስፕሪንግ ባር ተይዟል። የሲሊንደሩን ግፊት ከትራንስሚተር (ሲሊንደሩ በኩል ከተሰካ መላኪያ) ያለ ገመድ ያነባል።

የሚያስቸግረኝ ሦስት ነገር ነው። ላይ ሳለሁ አጥብቄ ያሰርኩት ማሰሪያ 20 ሜትር ገደማ ስደርስ ይላላና ኮምፒውተሩ ክንዴን ይዞራል። ሁለቱም እጆቼ መያዣው ላይ ስለሆኑ ስክሪኑን ለማየት ወይ አንዱን መልቀቅ ወይ ካሜራውን ማዘንበል አለብኝ። ከዚያ ደግሞ ካሜራውን ወደ ጀልባ ሳቀብልና ሱት ሳወልቅ ማሰሪያው ይጎተታል፤ ፒኑ ወጥቶ ኮምፒውተሩ እንዳይሰምጥ እሰጋለሁ።

ከእጄ አውጥቼ ትሬዩ ላይ ብሰካውስ? ወይስ ሪትራክተር (ገመዱ ተስቦ በሞላ የሚመለስ ማንጠልጠያ) ላይ ላንጠልጥለው? እጅ ላይ ይቆይ ከተባለስ ምኑን ልለውጥ? በመለኪያ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ቋጠሮ፦

የላላው አስተሳሰርህ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ሱቱ ሳስቶ ነው። ኒዮፕሪን ጥቃቅን የጋዝ አረፋ የታጨቀበት ጎማ ነው። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በ1 ባር ስለሚጨምር አረፋው 10 ሜትር ላይ ወደ ግማሽ፣ 20 ሜትር ላይ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ጎማው ራሱ ስለማይታመቅ ሱቱ የዚያን ያህል አይሳሳም፤ ቢሆንም ከ5 ሚሊ ሜትሩ 2 ሚሊ ሜትር ጠፋ እንበል። በክንድህ በሁለቱም በኩል ስለሚሳሳ ዲያሜትሩ በ4 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። ያንን በ3.14 ስታባዛው ዙሪያው በ12.5 ሚሊ ሜትር አጠረ ማለት ነው። የማሰሪያ ቀዳዳዎች ብዙውን ጊዜ በ5 ወይም በ6 ሚሊ ሜትር ስለሚራራቁ ሁለት ቀዳዳ ሙሉ ላላ። 7 ሚሊ ሜትር ሱት 3 ሚሊ ሜትር ቢያጣ ደግሞ 19 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሦስት ቀዳዳ።

ላይ ሳለህ በሁለት ቀዳዳ አጥብቀህ ልግባ ካልክ እጅህ ይደነዝዛል። ከዚያም በላይ፣ ስትወጣ ሱቱ ተመልሶ ስለሚነፋ ፒኖቹ ላይ ትልቁ ጫና የሚያርፈው ወደ ላይ ስትቃረብ ነው። ካሜራ የምታቀብለውም፣ መሰላል የምትይዘውም ያኔ ነው። ማሰሪያዎች የሚበጠሱት 25 ሜትር ላይ ሳይሆን ጀልባው ጥግ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ሱቱን ተከትሎ የሚሰበሰብና የሚዘረጋ ማሰሪያ ነው፤ ላስቲክ ገመድ። ኮምፒውተርህ አራት ማዕዘኑ ላይ ቀዳዳ ካለው ቀላል ነው። የሰዓት ቅርጽ ላላቸው ደግሞ በስፕሪንግ ባሩ ቦታ ገብቶ በብሎን የሚታሰር የላስቲክ ገመድ ማስገቢያ ለብዙ ሞዴሎች ይሸጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሱትህን ልበስ፤ ኮምፒውተሩን የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አድርገህ ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ተቃራኒው ቀዳዳ ያለውን ርቀት በክንድህ ሥር አዙረህ ለካ። 16 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ገመዱ ሳይሳብ ከዚያ ከ15 እስከ 20 በመቶ ማጠር አለበት፤ ስለዚህ በቋጠሮና በቋጠሮ መካከል 13 ሴንቲ ሜትር። ለየቋጠሮው 6 ሴንቲ ሜትር ጨምረህ 25 ሴንቲ ሜትር ቁረጥ። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል፤ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር። እንዲህ ያለ ሁለት ገመድ አዘጋጅ። አንዱ በላይኛው ጥንድ ቀዳዳ፣ ሌላው በታችኛው ያልፋል፤ *እርስ በርስ አይያያዙም*። ብዙ ሰው አንድ ረጅም ገመድ በአራቱም ቀዳዳ አዙሮ አንድ ቦታ ይቋጥራል። ያ ያምራል፣ ግን አንድ ቦታ ሲበጠስ ሁሉም ያልቃል። ሁለቱ የተለያዩ ከሆኑ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ ስለሚወዛወዝ አንተም ወዲያው ታውቃለህ።

ጫፉን በላይተር አቅልጠህ ቋጥረው። ተራ ነጠላ ቋጠሮ በላስቲክ ገመድ ላይ ይንሸራተታል፤ ምክንያቱም ሲሳብ ገመዱ ራሱ ይቀጥናል። የስምንት ቁጥር ቋጠሮ ሥራና እርጥብ አድርገህ በፒንሳ አጥብቀው፤ ከቋጠሮው ውጭ 1 ሴንቲ ሜትር ጫፍ ተው። መጀመሪያ ትንሽ አስረዝመህ ሠርተህ ብታሳጥረው ይሻላል።

ገመዱ ሲያረጅ ከውጭ አያስታውቅም። የላይኛው ሽፋን ናይሎን ስለሆነ ደህና ይመስላል፤ የሚበጠሱት ውስጡ ያሉት የላስቲክ ክሮች ናቸው። በጣትህ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየጫንክ ሂድ። ለስለስ ወይም ጠፍጠፍ ያለ ቦታ ካገኘህ ጣለው። ፀሐይና ክሎሪን ቶሎ ይጨርሱታል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሳታመነታ ቀይረው።

ፒኑን በተመለከተ፣ ስፕሪንግ ባር ማለት ጫፎቹ ውስጥ ሞላ ያለው ቀጭን ዘንግ ነው። ጨው ሞላው ውስጥ ደርቆ ሲቀር ጫፉ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ የሰዓቱ ጆሮ ላይ በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አውልቀህ ሁለቱንም ጫፍ በጥፍርህ ጫን፤ ቶሎ ካልተመለሰ አይሆንም። ላስቲክ ገመድ የማትፈልግ ከሆነ ቢያንስ ማሰሪያውን ከሁለቱም ባር ሥር በሚያልፍ አንድ ወጥ የጨርቅ ማሰሪያ ቀይረው። አንደኛው ባር ቢወጣ ኮምፒውተሩ በሌላኛው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሁለት ክፍል የሆነው የጎማ ማሰሪያ ግን አንድ ባር ከጠፋ ጨርሶ ይለቃል።

ዶም ፖርት፦

ቋጠሮ ስለ እጁ የጨረሰው ይመስለኛል። እኔ ስለ ትሬዩ ልመልስ፤ መሰካት ይቻላልና።

የሰዓት ቅርጽ ላለው ኮምፒውተር የሚያስፈልገው የውሸት አንጓ ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቁረጥ፤ ጠርዙን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አልስልሰው። የቧንቧው ዙሪያ 157 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለብዙ ማሰሪያ ትንሽ ይቀጥናል። 1 ሚሊ ሜትር የሚሆን የብስክሌት ከመነዳሪ ሁለት ዙር ስትጠመጥምበት ዙሪያው ወደ 170 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የሰው አንጓ ልክ ነው ማለት ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ የተረፈ የሱት ቁራጭ ይጠቀማሉ። ያ ስህተት ነው፦ ኒዮፕሪኑ እዚያም ስለሚታመቅ የሸሸኸውን ችግር ቧንቧው ላይ ታገኘዋለህ። የከመነዳሪ ጎማ አረፋ ስለሌለው አይሳሳም።

ቧንቧውን በሁለት ብሎን እሰር፤ በአንድ ብሎን ብቻ የታሰረ ይሽከረከራል። ኤም 6 የማይዝግ ብረት፣ ደረጃው 316 የሆነ፣ ለብሎኑ 6.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ። የብሎኑ ራስ በቧንቧው ውስጥ፣ ዳዶው ከትሬዩ በታች ይሁን፤ ዳዶው ናይሎን ያለበት ካልሆነ በንዝረት ይፈታል። ትሬይህ አሉሚኒየም ከሆነ ብረቱ በቀጥታ እንዳይነካው በመካከል የናይሎን ሮንዴላ አድርግ። ሁለት ዓይነት ብረት በጨው ውኃ ውስጥ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ቀዳዳው ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካየህ ተጀምሯል ማለት ነው።

ስክሪኑ ወደ ፊትህ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘንብል። ቦታው ግን ከሁሉም ይበልጣል፦ ከዶም ፖርቱ (ሌንሱ ፊት ካለው ጉልላት) ወደ ኋላ መሆን አለበት። ፊሽ አይ ሌንስ 180 ዲግሪ ስለሚያይ ከፖርቱ ጠርዝ በ1 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት የወጣ ነገር ሁሉ ፎቶው ጥግ ላይ ይገባል። ከዚያ ባይገባ እንኳ የስክሪኑ ብርሃን ዶሙ ላይ ነጸብራቅ ይሠራል፤ በተለይ ማታና ወደ ላይ ስትተኩስ ይታያል። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርገው። ማሰሪያውን ከዘጋህ በኋላ በ2 ሚሊ ሜትር ናይሎን ገመድ የኮምፒውተሩን ጆሮ ከቧንቧው ጋር ለብቻው እሰር፤ ዘለበቱ ቢከፈት ያ ይይዛል።

ክብደቱ አያሳስብህ። እንዲህ ያለ ሰዓት 100 ግራም ገደማ ነው፤ የካሜራህን ሚዛን አያዛባም።

አምስት ሜትር ላይ፦

ዶም ፖርት አሠራሩን በደንብ ገልጾታል፤ እኔ የምቃወመው ትሬዩ ላይ የሚሰካው *ብቸኛው* ኮምፒውተር ከሆነ ነው። እባክህ እንዲህ እንዳታደርግ።

ኮምፒውተሩ የሚያሰላው ስለ አንተ አይደለም፤ ስለ ራሱ ነው። የግፊት መለኪያው ያለበት ቦታ ጥልቀት ላይ አንተ እንዳለህ ይገምታል። ካሜራውን ዝቅ አድርገህ ስትይዝ 60 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ችግር የለውም፤ ጥልቅ ነህ ብሎ ይጠነቀቅልሃል። ወደ ላይ አንሥተህ ስትተኩስ ግን ይገለበጣል። የመጨረሻ የዲኮ ቆይታህ (ናይትሮጅን ከሰውነትህ እንዲወጣ የግድ የምትቆምበት) 3 ሜትር ላይ ከሆነና ካሜራውን ከራስህ በላይ ብታነሣ ኮምፒውተሩ 2.4 ሜትር ያነባል፤ ቆይታውን አቋረጥክ ብሎ ይጮኻል። አንዳንዶቹ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስሌታቸውን አቁመው ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ይቆለፋሉ፤ ጥልቀትና ሰዓት ብቻ ያሳዩሃል።

ከዚህ የሚብሰው ካሜራውና አንተ ስትለያዩ ነው፤ ይህ ደግሞ በየጥልቀቱ ይሆናል። ካሜራውን ገመድ ላይ 6 ሜትር አንጠልጥለህ ወጣህ፦ ኮምፒውተሩ አሁንም ጠለቃ ላይ ነው። አንተ 4 ሜትር ላይ እያለህ ካሜራውን አስቀድመህ ወደ ጀልባ ላክህ፦ ኮምፒውተሩ ወጥተሃል ብሎ የላይ ሰዓት መቁጠር ጀመረ። ቀጣዩ ጠለቃህ ላይ የሚሰጥህ ደቂቃ ከእውነቱ ይበልጣል። ካሜራው ከእጅህ አምልጦ ቁልቁል ከሄደ ደግሞ ሀብትህን ብቻ አይደለም ያጣኸው፤ ምን ያህል ጊዜ እንደቀረህ የሚነግርህንም ነው። ያኔ ሊመጣ የሚችለው ፈተና ተከትሎ መውረድ ነው፤ ጥልቀቱን የሚነግርህ ሳይኖር።

ማንቂያውንም አስብ። ዓይኑ ቪውፋይንደር (የካሜራው መመልከቻ) ላይ ያረፈ ሰው የኮምፒውተር ጩኸት አይሰማም፤ ከየት እንደመጣ እንኳ መለየት ያስቸግራል። ንዝረት ያለው ኮምፒውተር ግን አንጓህ ላይ ከሆነ ይሰማሃል፤ ትሬይ ላይ ሲንዘር ማንም አያውቀውም።

ስለዚህ ዋናው ከሰውነትህ ጋር ይቆይ። ትሬዩ ላይ የምትሰካው ሁለተኛ ኮምፒውተር ይሁን፤ ያየኸውን ለማረጋገጥና እጅህን ሳትለቅ ለማየት። ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርገህ ሙላ፦ ያው የናይትሮክስ (ኦክስጅን የበዛበት አየር) መቶኛ፣ ያው የጥንቃቄ ደረጃ። አንዱ 32 በመቶ፣ ሌላው ተራ አየር ላይ ከቀረ የአየሩ ኮምፒውተር የማያስፈልግ ዲኮ ይጠይቅሃል። ከዚያም በላይ 32 በመቶ በ1.4 ባር የኦክስጅን ግፊት 33 ሜትር ከግማሽ ላይ ገደብ አለው፤ አየር ላይ የተተወው ኮምፒውተር ያንን አያስጠነቅቅህም። ሁለቱ ካልተስማሙ ይበልጥ የሚጠነቀቀውን ተከተል።

ቋጠሮ፦

ሪትራክተሩን ረስተነዋል። ባጭሩ አልወደውም። ውስጡ ያለው የሞላ ገመድ በጨው ይዝጋል፤ በዝግታ ይደክምና ኮምፒውተሩ እስከ ጉልበትህ ድረስ ተንጠልጥሎ ኮራል ይመታል። ማክሮ (ጥቃቅን ነገር ከቅርብ) ለመተኮስ መሬት ጥግ ስትጠጋ ደግሞ አሸዋው ውስጥ ይጎተታል። ለማየትም አንድ እጅ መልቀቅ አለብህ፤ አንተ የምትሸሸውን ማለት ነው።

ግድ ከሆነ ከቢሲዲው (አየር ከሚነፋው የጠላቂ ጃኬት) የትከሻ ዲ ሪንግ (የብረት ቀለበት) ላይ አጭር አድርገህ እሰረው። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያያዘው በቁልፍ ቀለበት አይሁን፤ ቀለበቱ በጎን ሲሳብ ይከፈታል። ናይሎን ገመድ ሁለት ዙር አዙረህ የማይዝግ ብረት ቦልት ስናፕ (የሚዘጋ መንጠቆ) እሰርበት። የፕላስቲክ ማሰሪያም አይሁን፤ በፀሐይ ይሰባበራል።

በግፊት ሆዝ ላይ ያለ ኮንሶልም (መለኪያዎች የሚቀመጡበት መያዣ) ከዚህ የተለየ አይደለም። አስተማማኝነቱ ደህና ነው፣ ሆዙ በቀላሉ አይበጠስም፤ ግን ጎንህ ሥር ስለሚቀር ፎቶ አንሺ አያየውም። ማስክ ላይ የሚገጠመው ደግሞ ቪውፋይንደር የምታስጠጋበትን ዓይን ስለሚጋርድ በስክሪን ለሚተኩስ ብቻ ይመቻል።

ሲግናል፦

አንተ ትራንስሚተር አለኝ ብለሃል፤ ይህ ቦታውን ይወስንልሃል።

የራዲዮ ሞገድ ውኃ ውስጥ ቶሎ ስለሚዋጥ እነዚህ ትራንስሚተሮች ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ይጠቀማሉ፤ እንዲያም ሆኖ የሚደርሱት ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ነው። ከራስህ ጀርባ ካለው ቫልቭ እስከ ተዘረጋ ክንድ አንጓ ድረስ ወደ 80 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር አለ፤ ትሬዩን ወደ ፊት ስትዘረጋው ገደቡ ጫፍ ላይ ነህ። ስለዚህ ትራንስሚተሩ ከቫልቩ በየትኛው በኩል እንደተሰካ እይ፤ ኮምፒውተሩ በዚያው በኩል ባለው እጅ ላይ ይሁን። በድምፅ ሞገድ የሚልኩ ትራንስሚተሮች ከዚህ በጣም ይርቃሉ፤ እነርሱን ይህ አይመለከታቸውም።

ስትሮብም ያውከዋል። ስትሮቡ ሲተኮስና ከዚያ በኋላ ካፓሲተሩ ሲሞላ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ጫጫታ ምልክቱን ይሸፍነዋል። በሙሉ ኃይል ስትተኩስ ለመሙላት ሁለትና ሦስት ሰከንድ ይወስዳል፤ በተከታታይ ከተኮስክ ኮምፒውተሩ አንዱንም መልእክት ላይቀበል ይችላል። ከስትሮቡ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ የተሰካ ኮምፒውተር ይህ ይብስበታል። ምልክት ጠፋ ካለህ መተኮስ አቁመህ እጅህን ወደ ትከሻህ አስጠጋና ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ። ያም ሆኖ ተራ የግፊት ጌጅ ከሌላው የከፍተኛ ግፊት ቀዳዳ ላይ አይቅር።

ኮምፓሱን ደግሞ ትሬይ ላይ አትመን። የትሬዩ አሉሚኒየም ማግኔት አይስብም፤ ተንኮለኛው የቪዲዮና የፎከስ መብራቱ ነው፤ ብዙዎቹ ማብሪያቸው በማግኔት ይሠራል። የሌንሱ ሞተርም አለ። ከመጥለቅህ በፊት ሞክረው፦ ኮምፒውተሩን ወደ አንድ አቅጣጫ አነጣጥረህ ዲግሪውን ያዝ፤ ከዚያ መብራቱን እያዞርክ አስጠጋ። ከ5 ዲግሪ በላይ ከተንቀሳቀሰ ኮምፓሱን የምታነብበት ጊዜ ክንድህን ከካሜራው ማራቅ አለብህ። ትሬይ ላይ የተሰካውን ካሊብሬት ብታደርገው እንኳ መብራቱን ወደ ሌላ ክንድ ባዛወርክ ቁጥር ይበላሻል።

ባለማክሮ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ቦታው ተለየልኝ፦ ዋናው በላስቲክ ገመድ እጅ ላይ፣ ትርፍ አሮጌ ኮምፒውተር ስላለኝ እርሱ ትሬዩ ላይ። ትራንስሚተሩ በቀኝ ነው። ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። አንጓው ላይ በየት በኩል ይዙር? እና የካሜራው ላንያርድ (እንዳይወድቅ የሚይዘው ገመድ) እዚያው ቀኝ እጄ ላይ ነው፤ አብረው ይኖራሉ?

ዶም ፖርት፦

መያዣውን ጨብጠህ እጅህን ተመልከት። አውራ ጣትህ ወደ ላይ፣ የእጅህ ጀርባ ወደ ውጭ ነው። ሰዓት እንደሚታሰረው የእጅ ጀርባ ላይ ካሰርከው ስክሪኑ ወደ ጎን ያያል። ወደ አውራ ጣቱ በኩል ሩብ ዙር አዙረው፤ ዓይንህን ከቪውፋይንደሩ ስታነሣ ቀጥታ ያይሃል። አንዳንዶች እስከ አንጓው ሆድ ድረስ ያዞሩታል፤ ይበልጥ ይታያል፣ ግን ስክሪኑ ከመያዣውና ከሃውሲንጉ ማንሻዎች ጋር ይፋተጋል። የስክሪን መከላከያ ፕላስቲክ ለጥፍበት። የአክሪሊክ ዶም ካለህም ልብ በል፦ ሽፋኑን ስታወልቅና ስትመልስ የኮምፒውተሩ ብረት ጠርዝ ዶሙን ይቧጭረዋል።

ከአንጓው አጥንት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ክርንህ ከፍ አድርገው። አጥንቱ ላይ ከሆነ እጅህን ወደ ኋላ ባጠፍክ ቁጥር የጎን ቁልፎቹ ይጫናሉ፤ ጠለቃው መሀል ላይ ጋዝ መቀየሪያ ገጽ ተከፍቶ የምታገኘው በዚህ ነው። የቁልፍ መቆለፊያ ካለው አብራው። ስክሪኑን 180 ዲግሪ መገልበጥ የሚችል ከሆነ ቁልፎቹ ወደ መያዣው እንዳይዞሩ አድርገህ ምረጥ። ድራይሱት (ውኃ የማያስገባ ሱት) የሚለብስ ሰው ደግሞ የእጅ ማሸጊያው ላይ እንዳያስረው፤ ገመዱ ጎማውን ካጨማደደው ውኃ ይገባል።

ላንያርዱ አብሮ አይኑር። የካሜራው ክብደት ሲወድቅ የላንያርዱ ቀለበት ወደ እጅህ ይንሸራተታል፤ ኮምፒውተሩ መንገዱ ላይ ካለ ገመዱን ገፍቶ ወደ ጣቶችህ ያወርደዋል። ላንያርዱን ከእጅ አውጥተህ በፍጥነት በሚፈታ ማያያዣ የቢሲዲው ዲ ሪንግ ላይ አድርገው። እጅ ላይ ካልሆነ አይሆንልኝም ካልክ ወደ ግራ ይዙር። ግራ እጅህ ኢንፍሌተሩን (የቢሲዲውን ማነፊያ) ለመያዝ ካሜራውን ስለሚለቅ ላንያርዱ ረዘም ይበል።

አምስት ሜትር ላይ፦

መግቢያና መውጫውን ልጨምር፤ የሚጠፋው እዚያ ነውና።

ስትገባ ካሜራውን ይዘህ አትዝለል። ኮምፒውተሩን በሌላው እጅህ ሸፍነህ ግባ፤ ካሜራውን ከላይ ያቀብሉህ። በትልቅ እርምጃ ሲገባ ውኃው የላላ ማሰሪያን ከሥር ወደ ላይ ነው የሚመታው።

ስትወጣ መጀመሪያ የስትሮብ ክንዶቹን እጠፍ፤ የሚቀበልህ ሰው የላይኛውን መያዣ በሁለት እጁ ከያዘ በኋላ ላንያርዱን ፍታ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ። የትሬዩን ኮምፒውተር አስቀድመህ ለማውጣት አትሞክር፤ በሞገድ ውስጥ በቀዘቀዘ ጣት ዘለበት መክፈት የመጥፋት ዋናው በር ነው። ካሜራው ከአንተ በፊት የሚወጣው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሆንና አንተም ላይ ላዩን ስትሆን ስሌቱን አይለውጠውም።

የእጁን ኮምፒውተር ሱቱን ሳትነካ በፊት፣ ተቀምጠህ፣ አውልቅ። የሱት እጅጌ ሲገለበጥ ማንኛውንም ማሰሪያ ይዞ ይሄዳል። ካወለቅከው በኋላ አግዳሚ ላይ አይቀመጥም፤ ቀጥታ ወደሚዘጋ ሣጥን።

ካሜራው ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሲነከር የትሬዩን ኮምፒውተር አንሣለት። እርጥበት የሚያነቡ ሁለት ነጥቦች ካሉት ውኃ ውስጥ እስካለ ነቅቶ ባትሪ ይበላል፤ ሌላ ካሜራም ይጋጨዋል። ለብቻው በንጹሕ ውኃ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ነጥቦቹን አድርቅ። ላስቲክ ገመዱም ቀዳዳው ውስጥ ጨው እንዳይደርቅ ወዲያና ወዲህ ይሳብ።

ባለማክሮ፦

አንድ የመጨረሻ። ይህ ሁሉ ተደርጎ የእጁ ቢጠፋ፣ የትሬዩን ይዤ ጠለቃውን ልቀጥል?

አምስት ሜትር ላይ፦

መቀጠል ሳይሆን መውጣት። ትሬይ ላይ ያለው ከጠለቃው መጀመሪያ ጀምሮ አብሮህ ከነበረ፣ ቅንብሩም አንድ ከሆነ፣ በእርሱ እየተመራህ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳትበልጥ ውጣ፤ ካሜራውን በደረትህ ከፍታ ያዘው፣ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቆይ። 9 ሜትር በደቂቃ ማለት ለእያንዳንዱ ሜትር 7 ሰከንድ ገደማ ነው።

ሁለቱም ከጠፉ ከጓደኛህ ጋር በእርሱ ኮምፒውተር ጥልቀት ውጣ፤ የእርሱ ደቂቃ ግን የአንተ አይደለም። አንተ ከእርሱ ሁለት ሜትር ጠልቀህ ማክሮ ስትተኩስ ቆይተህ ይሆናል፤ ስለዚህ ቆይታውን 5 ደቂቃ አድርገው። ከዚያ የተዋስከውን ወይም አዲስ ኮምፒውተር አስረህ ከሰዓት በኋላ አትጥለቅ። ያ ኮምፒውተር ጠዋት የሠራኸውን አያውቅም፤ ሰውነትህ ውስጥ የቀረውን ናይትሮጅን ዜሮ ብሎ ነው የሚነሣው። 24 ሰዓት ጠብቅ።

የትሬዩም የሚቆጠረው ለዚያ ቀን ጠለቃዎች ሁሉ አብሮህ ከወረደ ብቻ ነው። ጠዋት ካሜራ ሳትይዝ ጠልቀህ ከሰዓት ትሬዩን ካወጣህ፣ እርሱም እንደ ተዋስከው ኮምፒውተር ነው። ካሜራ በማትይዝበት ጠለቃ ከቧንቧው ፈትተህ ኪስህ ውስጥ ከተውና ይውረድ።